ከመግሪብ በኋላ ብንጀምርስ?



በዚህ እትም ስለ ፈተና ዝግጅትም ሆነ ስለ ዶርም ችግር አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ አንድ ቤት ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ፣ የራሳችን ዩኒቨርሲቲ የሆነ፣ ብዙዎቻችን ግን አራት አምስት ዓመት ተምረን ደጃፉን ሳንረግጥ የምንመረቅበት ቤት አለ፤ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይባላል። እኛ ይህን የምንጽፈው ከመተማ፣ ከሸኸዲ፣ ከኮኪትና ከቋራ ቆላ የመጣን ተማሪዎች ነን። ባደግንበት አገር የሥዕል ሙዚየም የሚባል ነገር የለም። እናም ሳናፍር እንናገር፤ ስሙን መጀመሪያ የሰማን ጊዜ «የእነሱ ቤት ነው» ብለን ነው ያለፍነው። «እነሱ እነማን ናቸው?» ብሎ የጠየቀን ቢኖር ኖሮ ግን በቅጡ የምንመልሰው አልነበረንም።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ። በእንዲህ ያለ ሙዚየም የሚካሄዱ የምሽት ንግግሮች፣ የግጥም፣ የፊልምና የትርኢት ዝግጅቶች የእኛም ናቸው። ልንሄድባቸው ይገባል። ሄደንም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ብቻ መመለስ የለብንም፤ ከቆላው ይዘነው የምንገባ ነገር አለን። ይህን ስንል ከጀመዓችን ውስጥ የማይስማሙ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነሱም ከታች እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ቤቱ በስሙ ስለተጠራለት ሰው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና ሠዓሊ ነበሩ። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሥዕል ብዙው ሰው ከለመደው የራቀ ነበር፤ መልክና አካል የማይታይበት፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሚናገርበት ሥዕል ሁሉ አለው። ብዙዎች «ይህ የኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ነው» ብለው ተከራከሩት። እ.ኤ.አ. በ1965 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት አገኘ። ገጣሚም ነበር። ኋላ በደርግ ዘመን አገር ለቆ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩት ሥዕሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ማዕከሉ በስሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሰውየው ሳይመለስ ሥራዎቹ ተመለሱ ማለት ነው። እኛ ከድንበር የመጣን ልጆች ስለ ስደት ሲወራ ጆሯችን ቶሎ ይቆማልና ከታሪኩ ሁሉ ይኸኛው ነው ልባችን ውስጥ የቀረው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ትንሽ የማይባል ነገር ታይቷል። የዴንማርክና የአይስላንድ ተወላጁ ኦላፉር ኤሊያሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራውን አቅርቦበታል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥዕሎቿን ይዛ መጥታለች። እነዚህን ሰዎች የኒውዮርክና የለንደን ሙዚየሞች ናቸው የሚሻሙባቸው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስም ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ይህ ሁሉ ከዶርማችን በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው። እኛ የት ነበርን? ካፌ ሰልፍ ላይ።

ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ቀን ገብቶ ማየት ይቻላል። የምሽቱ ዝግጅት ለምን ያስፈልጋል? ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ስለማይመልስ ነው። ምሽት ላይ ግን ሠዓሊው፣ ገጣሚው ወይም ተመራማሪው ፊትህ ይቆማል፤ ካልገባህ «አልገባኝም» ትለዋለህ፤ ካልተስማማህም ትነግረዋለህ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። በራስ ሆቴል ለዓመታት የተካሄደው ጦቢያ ግጥም በጃዝ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ቆሞ የሚያደምጥበት መድረክ ነበር። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ግጥም ሊሰማ ይመጣል ብሎ መጀመሪያ ላይ የገመተ ብዙ አልነበረም ይሆናል። መጣ።

አሁን ከአዲስ አበባ ወጥተን ወደ እኛው ድንበር፣ ከዚያም ትንሽ አለፍ እንበል። ልናመጣው የምንፈልገው ዋናው ምሳሌ ከወንዙ ማዶ ነው።

ኢብራሂም አስ-ሰላሒ እ.ኤ.አ. በ1930 ኡምዱርማን ተወለደ። አባቱ ቁርአን ያስቀሩ ነበር፤ ልጁም መጀመሪያ እጁን የፈታው በለውሕ ላይ ነው። ለውሕ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ልጆች እናስረዳ፦ ልጅ የዕለት ትምህርቱን የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለምና በሸምበቆ ብዕር ይጻፍበታል፤ ትምህርቱ በቃል ሲያዝ ይታጠብና ሌላው ይጻፋል። አስ-ሰላሒ ለንደን ስሌድ በሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ሲመለስ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ። በመክፈቻው ዕለት ሰው መጣ። በማግሥቱ የመጣ አልነበረም። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ሆነ። እሱ ራሱ ኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሕዝቡን ከመውቀስ ይልቅ ሥዕሉን ትቶ አገሩን ሊዞር ወጣ። ሰው ቤቱን በምን እንደሚያስጌጥ፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚወድ አየ። ከዚያ በሥዕሉ ጥግ ላይ ትንሽ ዐረብኛ ጽሑፍ ጨመረ። ሰው ቀረብ አለ። ቀስ በቀስ ፊደሎቹን ሰባበራቸው፤ በፊደሎቹ መካከልና ውስጥ ሌላ ቅርጽ፣ እንስሳም፣ ተክልም፣ መንፈስም ሲወጣ አየ። ከእሱ ጋር አሕመድ ሺብሬንና ከማላ ኢስሐቅ የተባለችው ሴት ሠዓሊ ነበሩ፤ ዓለም የካርቱም ትምህርት ቤት እያለ የሚጠራው የሥዕል መንገድ እንዲህ ተወለደ። በመካከሉ መታሰርም ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ያለ ፍርድ ስድስት ወር ወህኒ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደኑ ቴት ሞደርን የዕድሜ ልክ ሥራውን ሰብስቦ አሳየ።

ይህን ታሪክ የምንወድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለንደን የደረሰው ሥዕል ሥሩ ለውሕ ነው። ለውሕ ደግሞ እኛ እናውቃለን። ከመካከላችን በልጅነቱ ቆላ ላይ ቁርአን የቀራ ሰው የለውሑን ክብደት፣ የጥላሸቱን ሽታ፣ ውሃው ሲፈስበት የሚታየውን ግራጫ ጅረት አይረሳውም። እሱን እንደ ድህነት ምልክት አድርገን ነበር የምናስበው፤ የከተማ ልጆች ደብተር ነበራቸውና። ለካ ሙዚየም ያስገባል።

ሌላው ትምህርት ለሙዚየም ሰዎችም ይሆናል። አስ-ሰላሒ ሰው ሲቀርበት «ሕዝቡ ሥዕል አይገባውም» አላለም። የገብረ ክርስቶስ ዘመን ሰዎች ሲከራከሩት እሱም መከራከርን አልጠላም። ሰው የማይመጣበት ምክንያት ሲኖር ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የአዘጋጁም ሥራ ነው።

ስለዚህ የኛን ምክንያቶች እንናገር።

አንደኛው ቀላል ነው፤ ሰዓት። እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች በብዛት ከሥራ በኋላ፣ 11 ሰዓት ተኩል ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጠራሉ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ጀምሮ እስከ 12፡50 ገደማ ነው። ንግግሩ ሞቅ ሲል፣ ጥያቄ ሊጠየቅ እጅ ሲወጣ፣ መግሪብ ይገባል። መግሪብ ደግሞ የሚያቆይ ሶላት አይደለም፤ ዒሻ ከሰዓት ትንሽ በለጥ ብሎ ተከትሎት ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ከኛ መካከል አራት ሆነው አንድ አዳራሽ ገብተው ነበር። (አዳራሹን አንጠራውም፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም።) ሰዓቱ ሲደርስ ከመሐል ረድፍ ተነሥተው፣ የሰው ጉልበት እየረገጡ፣ ይቅርታ እያሉ ወጡ። የሚሰገድበት ቦታ ሲጠይቁ ዘበኛው ደግ ሰው ነበርና የመኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ካርቶን ዘረጋላቸው። ሰግደው ሲመለሱ ጥያቄና መልሱ አልቆ ሰው ሻይ ይዞ ቆሟል። ከአራቱ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልሄዱም። ማንም አልከለከላቸውም፤ ማንም ክፉ አላናገራቸውም። ብቻ ሰዓቱ እነሱን አስቦ የወጣ አልነበረም።

የምንጠይቀው ግማሽ ሰዓት ነው። ከመግሪብ በኋላ ይጀመር፤ ወይም በመሐል አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይኑር፤ አንድ ንጹሕ ክፍልም ይታይልን። ይህን ብንጠይቅ እምቢ የሚል አዘጋጅ ይኖራል ብለን አናምንም። እስካሁን አለመጠየቃችን ነው የሚገርመው። ሌላውን ሁሉ ጠይቀናል እኮ፤ የረመዳን ሱሑር ካፌ ሰዓት ላይ ስንት ደብዳቤ ነው የጻፍነው?

ሁለተኛው የእህቶቻችን ጉዳይ ነው፤ ከሰዓቱም ይከብዳል። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ዝግጅት ለወንድ ልጅ ሽርሽር ነው፤ ለእህት ግን የታክሲ ሰልፍ፣ ጨለማ መንገድ፣ የዶርም በር መዘጊያ ሰዓት ነው። ቤት ደውላ «ሙዚየም ነበርኩ» ብትል የሸኸዲ እናት ምን እንደምትል መገመት አያቅትም። በቡድን ሄዶ በቡድን መመለስ፣ ለዚህም ከጀመዓው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መመደብ ይቻላል። ለዳዕዋ ጉዞ ይህን እናደርጋለን፤ ለዚህም እናድርገው። «እህቶች ባይሄዱ ይሻላል» የሚለው መልስ ግን ለኛ መልስ አይደለም።

ሦስተኛው የሃይማኖት ጥያቄ ነው፤ እሱን አድበስብሰን አናልፍም። አንዳንድ ወንድሞች የነፍስ ያለው ነገር ሥዕል አይፈቀድም፣ ሙዚቃም እንዲሁ፣ ወንድና ሴት የሚቀላቀልበት ስብስብም መልካም አይደለም ይላሉ። ዑለማዎች በእነዚህ ነገሮች ላይ የተናገሩት አለ፤ ልዩነታቸውም የታወቀ ነው፤ እኛ በአንድ የመጽሔት ገጽ ላይ ፈትዋ የምንሰጥ ሰዎች አይደለንም። ሁሉም የሚያምንበትን ኡስታዝ ይጠይቅ። ሙዚቃ የማይሰማ ወንድም ሙዚቃው ሲጀመር ይውጣ፤ ማንም አይይዘውም። ነገር ግን ጥያቄው ከነጭራሹ ወደዚያ ቤት መግባት የለብንም ከሆነ፣ የሚከተሉትን እናስታውስ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ነቢዩም እመት ዓኢሻን (ረ.ዐ) በልብሳቸው ጋርደው እሷ እስኪበቃት ድረስ አብረዋት ቆመው አስመለከቷት። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆማቸው ቢፈልግ ተዋቸው ተባለ። የሐሳን ኢብን ሣቢትን ደግሞ ማን ይረሳል፤ ግጥሙን ይል ዘንድ በመስጊዱ ውስጥ ሚንበር ይቆምለት ነበር። ትርኢትና ግጥም፣ በዚያው በመስጊዱ። ከትርኢቱ ባለቤቶች ደግሞ የኛው አገር ሰዎች ነበሩ። ይህን ለጓደኞቻችን ስንነግር ብዙዎቹ «እውነት?» ይላሉ። ዒልም ማነሱ እንጂ ዲን ጠቦን አይደለም።

ሌላም አለ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረው ንግግር በሌላ እምነት አዳራሽ፣ በሌላ እምነት ሊቃውንት መካከል ነው። እዚያ ገብቶ ነው ከሱረቱ መርየም የቀራው። አልገባም ቢል ኖሮ የሚሰማው አልነበረም።

ሰዓቱና ክፍሉ ቢፈታ ታዲያ ይዘን የምንገባው ምንድን ነው? እዚህ ላይ መተማን ማንሣት አለብን።

መተማን ሰው በሁለት ነገር ነው የሚያውቃት፤ በሰሊጥና በአፄ ዮሐንስ ሞት። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት መተማ፣ ዐረቦቹ ቀላባት የሚሏት፣ የተክሩር ሰዎች አገር ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል ሐጅ ለማድረግ የተነሡ ሙስሊሞች በመንገድ ላይ ሰፍረው፣ አርሰውና ነግደው፣ በኢትዮጵያና በሱዳን ገዥዎች መካከል ሚዛን ጠብቀው ለረጅም ጊዜ ኖሩባት። የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች ከደጋ ቡና፣ ማርና ሰም ይዘው ይወርዱባት ነበር። ባሪያም ይሸጥባት ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የእኛ የቆላ ሰዎች መልክ፣ ቋንቋና ስም የተቀላቀለው እንዲሁ በዋዛ አይደለም። ጉሙዙም፣ አማራውም፣ ቅማንቱም፣ ተክሩሩም፣ ዐረቡም በዚያ ገበያ አልፏል።

ጦርነቱ ደግሞ አለ። በ1880 የድርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ገጠሙ፤ ቆሰሉ፤ በማግሥቱ ሞቱ። ራሳቸው ተቆርጦ ኡምዱርማን ተወሰደ። የከተማይቱም ስም መተማ ዮሐንስ ሆነ። ይህን ታሪክ ክርስቲያን ወንድሞቻችን እንደ ሰማዕትነት ይነግሩታል። ሱዳኖች እንደ ድል። የእኛስ? ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዚሁ ንጉሥ አዋጅ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የተገደደው የወሎ ሙስሊም ዘር ያስታውሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከተክሩሮች ብዙዎቹ ከድርቡሽ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ «ሙስሊም ናቸውና ከነሱ ጋር ነበሩ» የሚባለው እንዲህ በቀላሉ አይሄድም። ታዲያ እኛ ከዚያ ከተማ የመጣን ልጆች ይህን ታሪክ ለማን፣ የት እንናገረው? በዶርም ውስጥ ሲነሣ በጩኸት ያልቃል። በማኅበራዊ ሚዲያ ሲነሣ በስድብ። ሁለትና ሦስት የታሪክ ምሁራን ተቀምጠው፣ ከሱዳን ወገን አንድ ሰው ተጨምሮ፣ ሰው እየጠየቀ፣ አወያይ እየመራ የሚካሄድ አንድ ምሽት ግን ይህን ሊሸከም ይችላል። ሙዚየም ለዚህ ነው የሚስማማው፤ መስጊድም አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይደለም፣ የፓርቲ አዳራሽም አይደለም።

ሱዳናዊ ከየት ይመጣል ለሚል፣ እዚሁ ናቸው። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስንቱ በጋላባት በኩል ያችን ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ መተማ እንደገባ ቤተሰቦቻችን በዓይናቸው አይተዋል። መምህር፣ ሐኪም፣ ሙዚቀኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ፤ ሻንጣቸውን በአህያ ጋሪ ጭነው የመጡ። ካርቱም ላይ የቀረው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል፤ የሺህ ዓመታት ቅርስ የት እንደገባ እየተፈለገ ነው። የእኛንም ጥፋት እንናገር። ነጃሺ ስደተኛን ተቀበለ እያልን የምንኮራ ሰዎች፣ በኛው ዞን ኩመርና አውላላ የተጠለሉት እንግዶች በዝርፊያና በጥቃት ተማረው፣ ብዙዎቹ በ2016 ሚያዝያ መጠለያውን ጥለው በእግር ወጥተዋል። አዲስ አበባ የደረሱት አንዳንዶቹ ዛሬ ከኛ ጋር በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። ሰላምታ ተለዋውጠን እንለያያለን። ካርቱም ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቀናቸው እናውቃለን?

የጽሑፉም ነገር አለ። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ በዐረብኛና በዐጀሚ የተጻፉ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የእጅ ጽሑፎች አሉ፤ ዝርዝራቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ወጥቷል። ዐጀሚ ማለት በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የራሳችን ቋንቋ ነው፤ አማርኛውም ሌላውም። የወሎ መሻኢኾች መንዙማውን በዚህ ነበር የጻፉት። መንዙማ ዛሬ በስልካችን እንሰማለን፤ ወረቀቱን ግን ያየ ከመካከላችን ስንት ነው? ከተቋሙ እስከ ሙዚየሙ ሩቅ አይደለም። የእጅ ጽሑፎቹ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ አንድ ተመራማሪ እያብራራ፣ አንድ ሙንሺድ ያለ መሣሪያ ወይም በድቤ ብቻ መንዙማ ሲል፣ ከዚያ አንድ ሱዳናዊ ሠዓሊ ፊደልን እንዴት ወደ ሥዕል እንደሚለውጥ ሲያሳይ አስቡት። ይህ ከዲናችን ያወጣናል የሚል ወንድም ካለ የት ላይ እንደሆነ ያሳየን።

አንድ ፍርሃት ግን አለን፤ ይኸውም እንደ ጌጥ እንዳንታይ ነው። አንዳንድ መድረክ ላይ ሙስሊም ሲጠራ ጀለቢያ ለብሶ አንድ መንዙማ ብሎ እንዲወርድ ነው፤ ቆላ ሰው ሲጠራ ደግሞ እንዲጨፍር። ጥያቄ ሲመጣ ማይኩ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ይቅርብን። መንዙማውን የሚለው ሰው ስለ መንዙማው ይጠየቅ፤ ከመተማ የመጣው ልጅ ስለ መተማ ይናገር፤ ቢሳሳት ይታረም። ይህን በደብዳቤያችን ላይ በግልጽ ልንጽፈው አስበናል።

ሌላው ጉዳይ አገሩ ያለበት ሁኔታ ነው። «ሰው እየሞተ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ቤተሰብ በስልክ ሳይገኝ እናንተ ስለ ሥዕል ታወራላችሁ?» ብሎ አንድ ወንድም በቁጣ ጠይቆናል። ከሸኸዲ ነው፤ ወንድሙን አጥቷል። ለእሱ ፈጣን መልስ የለንም። አብረነው ተቀመጥን፤ ዱዓ አደረግን። በኋላ ራሱ ያለውን ግን እንጽፈዋለን፤ ስለ ወንድሙ ሞት ያለ ፖለቲካ፣ ሳይፈረድበት፣ ሰው ፊት ሊናገር የሚችልበት አንድም ቦታ እንደሌለ ነው የነገረን። መስጊድ ውስጥ ሶብር ይሉታል፤ ክፍል ውስጥ ዝም በል። ግጥም ይጽፋል፤ ለማንም አላነበበም።

ለጀመዓችን አመራር ያቀረብነው ይህን ነው፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ስለ ድንበሩ፤ ለውሕ፣ ዐጀሚ፣ መተማ፣ ካርቱም። ለማዕከሉ የሚላከው ደብዳቤ ረቂቅ ተጽፏል፤ ያለ ጀመዓው ማኅተም አይሄድም። ከዚያ በፊትም ቢሆን በዚህ ወር በቡድን ሄደን ቀን ላይ የገብረ ክርስቶስን ሥዕሎች ብቻ አይተን እንመለሳለን፤ መምጣት የሚፈልግ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ይጠብቀን። እህቶችም እንደዚሁ፤ አብራችኋቸው የምትሄድ ኃላፊ ተመድባለች።

በዕረፍት ወደ ቆላ የሚወርድ፣ መንገዱ ከተከፈተ፣ አንድ አደራ አለበት። ቤት ውስጥ የተረሳ አሮጌ ለውሕ ካለ፣ ጣራ ሥርም ቢሆን፣ ሸኾቹን አስፈቅዶ ይዞልን ይምጣ። ጽሑፉ ቢደበዝዝ ግድ የለም፤ እንዳይታጠብ ብቻ።